ሁለት ምድጃ እና 363 ዕቃ
(የሬምብራንት ቤት ሽያጭ፤ ለዘጋቢ ፕሮግራም የተዘጋጀ የተራኪ ጽሑፍ)

(ምስል፦ አምስተርዳም፣ ማለዳ። ዮደንብሬስትራት ከተባለው ጎዳና ዳር ያለ ባለ ፎቅ የጡብ ቤት። በሩ ይከፈታል።)

ተራኪ፦ ግድግዳው በሥዕል ተሸፍኗል። ከታች ባለው ወጥ ቤት ድስቱና ምጣዱ እሳቱን ከበው ተሰቅለዋል። በላይኛው ፎቅ የሠዓሊው መሥሪያ ክፍል አለ፤ በትልልቆቹ መስኮቶች የሰሜኑ ብርሃን ረጋ ብሎ ይገባል። ከጎኑ ባለው ክፍል መደርደሪያው ላይ ዛጎል፣ የራስ ቁር፣ የፈላስፎች ሐውልት ተደርድሯል። ባለቤቱ ለአፍታ ወጣ ያለ ይመስላል። አሁን የሚመለስ።

ባለቤቱ ከወጣ ከሦስት መቶ ስልሳ ዓመት በላይ ሆኖታል።

በፈረንጆቹ 1639 ሬምብራንት ይህን ቤት ሲገዛ ገና 32 ዓመቱ ነበር። ዋጋው 13,000 ጊልደር። ከሦስት ዓመት በኋላ ላጠናቀቀው “የሌሊት ዘበኞች” ለሚባለው ግዙፍ ሥዕል የተከፈለው ወደ 1,600 ጊልደር እንደነበር ሲታሰብ፣ ቤቱ እንዲህ ያሉ ስምንት ሥዕሎችን ዋጋ ይጠይቅ ነበር። ሩቡን በመጀመሪያው ዓመት፣ የቀረውን በአምስት ስድስት ዓመት ሊከፍል ተዋዋለ። ያኔ ገበያው ሞቆለታል፣ ተማሪዎች ከየከተማው ይመጡለታል። በ1641 የንግሥት ህንደኬ ባለ ግምጃ ቤት የነበረው ኢትዮጵያዊ ጃንደረባ ሲጠመቅ የሚያሳየውን ሥዕል በመዳብ ላይ የቀረጸው ይህን ቤት ከገዛ በኋላ ነው።

በዚያው ዓመት ልጁ ቲቱስ ተወለደ። በዓመቱ ሚስቱ ሳስኪያ ሞተች፤ የሀብቷን ድርሻ ለልጇ ተናዘዘች። ይህ ኑዛዜ በኋላ ትልቅ ጉዳይ ይሆናል።

(ድምፅ፦ የወረቀት መገለጥ።)

ተራኪ፦ ሬምብራንት ገንዘብ አላጣም። ገንዘቡ ግን ወደ ቤት ዕዳ ሳይሆን ወደ ሐራጅ አዳራሽ ሄደ። የጣሊያን ሥዕል፣ የሕንድ ጥቃቅን ሥዕል፣ ጥንታዊ የጦር መሣሪያ ሲያይ ዝም ብሎ ማለፍ አይሆንለትም ነበር። በ1653 የቤቱ ሻጭ ትዕግሥቱ አለቀ። ከተገዛ አሥራ አራት ዓመት ያለፈው ቤት ከነወለዱ ገና ከ8,000 ጊልደር በላይ ዕዳ ነበረበት። ሠዓሊው ዕዳን በዕዳ ለመክፈል ተነሣ። ከወዳጁ ከያን ሲክስ 1,000፣ ከከተማዋ ታላላቅ ሹማምንት አንዱ ከነበረው ከኮርኔሊስ ዊትሰን 4,180፣ ይስሐቅ ቫን ሄርትስቤክ ከተባለ ነጋዴ ደግሞ 4,200 ጊልደር ተበደረ። አገሪቱ ከእንግሊዝ ጋር ጦርነት ላይ ነበረች፤ ንግድ ተቀዛቅዟል፣ ሥዕል የሚገዛም ቀንሷል።

ሜይ 1656 ሬምብራንት ወደ ወላጅ አልባ ሕፃናት ንብረት ጠባቂ መሥሪያ ቤት ሄዶ ቤቱን በልጁ በቲቱስ ስም አዞረ። የእናቱ ድርሻ ነውና ሕጋዊ ምክንያት ነበረው። ሆኖም በሁለት ወር ውስጥ ለሆላንድ ከፍተኛ ፍርድ ቤት “በንግድና በባሕር ላይ በደረሰብኝ ጉዳት ከስሬአለሁ፤ ያለኝን ሁሉ ለአበዳሪዎቼ ልልቀቅ” የሚል ይዘት ያለው አቤቱታ አስገባ። የዚህ ዓይነት ኪሳራ ባለ ዕዳውን ከእስር ያድነው ነበር። የሁለቱ ቀናት መቀራረብ ግን ዛሬም ሥራውን የሚወድ ሰው ሲያነበው ይከብደዋል። አባት ልጁን እያዳነ ነበር፤ ያመኑትን ሰዎች ግን እያሳጣ ነበር።

(ምስል፦ የዛሬው የአምስተርዳም ቤተ መንግሥት፣ የያኔው ማዘጋጃ ቤት። ካሜራው ከአንድ በር በላይ ወዳለው እምነበረድ ይጠጋል።)

ተራኪ፦ የከሳሪዎች ንብረት የሚጣራበት ክፍል እዚህ ነበር። ከበሩ በላይ በሰም የተሠራ ክንፉ ቀልጦ ከሰማይ የሚወድቀው ኢካሩስ ተቀርጿል። ዝቅ ሲሉ ደግሞ አይጦች አሉ፤ ባዶ የገንዘብ ሣጥንና ያልተከፈለ የሒሳብ ወረቀት ይቦጫጭቃሉ።

ጁላይ 25 እና 26 ቀን 1656 ከዚህ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ተልኮ ሠዓሊው ቤት ገባ። ክፍል በክፍል እየዞረ መዘገበ። በመግቢያው ክፍል ቁጥር አንድ፦ ጣፋጭ የሚጋግር ሰው የሚያሳይ፣ የአድሪያን ብራውር ትንሽ ሥዕል። ከዚያ ይቀጥላል። ሁለት የዓለም ሉል። የሆሜር፣ የሶቅራጥስና የአርስቶትል ምስል። ዛጎልና ዛፍ መሳይ ኮራል። የጃፓን የራስ ቁር። የአንበሳና የእንስት አንበሳ ቆዳ። የአንድሬያ ማንቴኛ ሥራዎች የተሰበሰቡበት መጽሐፍ ላይ ሲደርስ የጸሐፊው ብዕር “ውድ” የሚል ቃል ጨመረ። ሥዕል ሲገጥመው የማን እጅ እንደሆነ ይጽፋል፤ የባለቤቱ ራሱ የሆኑትን “በሬምብራንት” ይላል።

ወደ ትንሿ ወጥ ቤት ሲገባ ብዕሩ ፈጠነ። የውሃ ማንቆርቆሪያ። ድስቶችና ምጣዶች። ትንሽ ጠረጴዛ። አሮጌ ወንበሮች። ኮሪደሩ ላይ ዘጠኝ ነጭ ሳህን።

363 ተራ ቁጥር ሞላ። መጨረሻ ላይ እቤት ያልነበረውም አልቀረም፤ ልብስ አጣቢ ዘንድ አለ የተባለው ተጻፈ። ሦስት የወንድ ሸሚዝ፣ ስድስት መሐረብ፣ ጥቂት የአንገት ልብስና የእጅጌ ጫፍ።

ሐራጁ ካልቨርስትራት በሚገኝ የእንግዳ ማረፊያ ተካሄደ። የዕድሜ ልክ ስብስቡ ከተገመተው በጣም ባነሰ ገንዘብ ተበተነ። የቤቱ ተራ የደረሰው ፌብሩዋሪ 1658 ነው። የተሻለ ዋጋ የጠሩ ነበሩ፤ በቂ ዋስ ማቅረብ አልቻሉም። ቤቱ በመጨረሻ በ11,218 ጊልደር ለአንድ ጫማ ሠሪና ለሸሪኩ ተሸጠ። ከተገዛበት 1,782 ጊልደር አንሶ።

በሽያጩ ሰነድ ላይ ከቤቱ ጋር የማይሸጡ ነገሮች ተለይተው ተጽፈዋል፦ ሁለት ምድጃ፣ እንዲሁም ጣሪያው ሥር ሬምብራንት ለተማሪዎቹ ያቆማቸው መከለያዎች። እነዚህ የእሱ ናቸው፣ ነቅሎ ይውሰድ ተባለ። ከዚያ ሁሉ ክፍል ሠዓሊው የኔ ነው ብሎ የሚነቅለው ይህንኑ ነበር።

ዊትሰን ገንዘቡን ከቤቱ ሽያጭ አገኘ። ሄርትስቤክም ተከፍሎት ነበር፤ ነገር ግን የቲቱስ ሞግዚት ስለ ልጁ ድርሻ ለዓመታት ተከራክሮ ስለረታ 4,200ውን እንዲመልስ ተፈረደበት። ቲቱስ በ1665 ወደ 7,000 ጊልደር ተቀበለ። ሬምብራንት ደግሞ ቤቱ ከተሸጠ በኋላ ሮዘንግራክት በሚባለው ቦይ ዳር በዓመት 225 ጊልደር ቤት ተከራይቶ ነበር። በ1660 ቲቱስና የሬምብራንት የትዳር ያህል አጋር ሄንድሪክዬ የሥዕል ንግድ ሽርክና አቋቋሙ፤ ሠዓሊው የእነሱ ተቀጣሪ ሆነ። ያኔ አበዳሪ አዲስ ሥራውን ሊነጥቀው አይችልም። “የልብስ ነጋዴዎች ማኅበር ሹማምንት” የተሰኘውን ሥዕል በ1662 የሠራው በዚህ ሁኔታ ነው።

(ምስል፦ እንደገና የመጀመሪያው ቤት። ወጥ ቤቱ፣ ድስቶቹ፣ መደርደሪያው።)

ተራኪ፦ በዚህ ፕሮግራም መክፈቻ ላይ የታዩት ዕቃዎች የሬምብራንት አይደሉም። የእሱ በ1657 እና በ1658 ሐራጅ ተበትነው አልተመለሱም። ጫማ ሠሪውና ሸሪኩ ቤቱን አድሰው ፎቅ ጨመሩበት። ዘመናት አልፈው ቤቱ አርጅቶ ሳለ ከተማዋ ገዛችው፤ በ1911 ሙዚየም ሆነ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ክፍሎቹ እንደ ጥንቱ ይሁኑ ሲባል ባለሙያዎቹ እጅ ላይ አንድ ትልቅ መሪ ነበር፦ ለአበዳሪዎች ተብሎ ሁለት ቀን ሙሉ የተጻፈው ዝርዝር። ዛጎሉን ከዚያ፣ ሉሎቹን ከዚያ፣ ወጥ ቤቱንም ከዚያ አነበቡ፤ የዘመኑን ተመሳሳይ ዕቃ ፈልገው በየቦታው አኖሩት።

ሬምብራንት ኦክቶበር 4 ቀን 1669 ሮዘንግራክት በኪራይ ቤቱ ሞተ። በማግስቱ አንድ ጸሐፊ ወረቀቱን ይዞ መጣ፤ ያለቁና ያላለቁ ሥዕሎች የተከማቹባቸውን ክፍሎች እያየ፣ ከአንድ ብሎ መቁጠር ጀመረ።

(ድምፅ፦ ብዕር ወረቀት ላይ። ምስሉ ይጠፋል።)