የተሰረዘ ፋይል ጠፋ ማለት አይደለም
(በሬዲዮ ከተሰማ ንግግር የተወሰደ)



በቀድሞ ስሟ አሰበ ተፈሪ በምትባለው በጭሮ ከተማ፣ አንድ መሥሪያ ቤት ያረጁ ኮምፒዩተሮቹን በጨረታ ለመሸጥ ተነሣ እንበል። የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ ኮምፒዩተሮቹን አንድ በአንድ ከፍቶ ፋይሉን ሁሉ ይሰርዛል፤ የተሰረዘው የሚከማችበትንም ቅርጫት ባዶ ያደርጋል፤ ከዚያም በቃለ ጉባኤው ላይ «ባዶ መሆናቸው ተረጋግጧል» ብሎ ይፈርማል። ጨረታውን ያሸነፈው ነጋዴ ዕቃውን ጭኖ ወደ ሂርና ወይም ወደ ገለምሶ ወስዶ ይቸረችረዋል። ሠራተኛው ሥራውን በቅን ልቡና ፈጽሟል። ነገር ግን የገበሬው የመሬት ይዞታ መዝገብ፣ ወይም የሕመምተኛው ካርድ፣ ወይም በ2010 ዓ.ም. ከቀያቸው ተፈናቅለው በሐረርጌ የተጠለሉት ወገኖቻችን የስም ዝርዝር ከዕቃው ጋር አብሮ ተሸጧል። ሻጩም ገዢውም ይህን አላወቁም።

ይህ ለምሳሌ የተነገረ ነው። ይሁን እንጂ ነገሩ በሌላው ዓለም በእውነት ደርሷል። ሲምሶን ጋርፊንክልና አቢ ሸላት የተባሉ ሁለት የአሜሪካ ተመራማሪዎች 158 ያገለገሉ ሀርድ ዲስኮችን ገዝተው መረመሩ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2003 ዓ.ም. ባወጡት ጽሑፍ እንደገለጹት፣ ከእነዚህ መካከል 129ኙ የሚሠሩ ሲሆኑ በሚገባ የጸዱት 12 ብቻ ነበሩ። በቀሩት ውስጥ ስለ ሕመም የተጻፉ ደብዳቤዎችና በሺህ የሚቆጠሩ የባንክ ካርድ ቁጥሮች ተገኙ። እንዲሁም በ2022 ዓ.ም. በዚያው አቆጣጠር፣ ሞርጋን ስታንሊ የተባለው የገንዘብ ድርጅት የደንበኞቹ ምሥጢር ያልጠፋባቸው ዕቃዎች በጨረታ ተሸጠዋል ተብሎ በመከሰሱ 35 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል።

ጉዳዩ ለእኛም ዛሬ አጣዳፊ ሆኗል። ዊንዶውስ 10 የተባለው የኮምፒዩተር ሥርዓት ከአምራቹ ያገኝ የነበረው መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። በዚህ ምክንያት ብዙ መሥሪያ ቤቶች አሮጌውን አስወግደው አዲስ መግዛታቸው አይቀርም። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ጥንቃቄው ከጨረታው በፊት መሆን አለበት።

ለመሆኑ የተሰረዘ ነገር እንዴት ተመልሶ ይገኛል? መልሱን ሁላችንም ከምናውቀው ከመዝገብ ቤት እናገኘዋለን። በመዝገብ ቤት እያንዳንዱ ፋይል በየትኛው መደርደሪያ እንደሚገኝ የሚያመለክት የማውጫ ደብተር አለ። አንድ ሰው ከማውጫው አንዱን መስመር ቢሰርዝ፣ ፋይሉ ከመደርደሪያው ላይ ይነሣልን? አይነሣም። ኮምፒዩተርም እንዲሁ ነው። «ሰርዝ» በተባለ ጊዜ ማውጫውን ብቻ ይሰርዝና ቦታው ክፍት መሆኑን ይመዘግባል። ጽሑፉ ግን ሌላ ጽሑፍ እስኪጻፍበት ድረስ በቦታው ይቆያል። ይህንንም ፈልጎ የሚያወጣ ሶፍትዌር ማንም ሰው በነፃ ሊያገኘው ይችላል። ፈጣኑ ፎርማትም ቢሆን አዲስ ማውጫ ከመክፈት አልፎ መደርደሪያውን አያጸዳም።

መድኃኒቱ በአሮጌው ጽሑፍ ላይ ሌላ መጻፍ ነው። የቀድሞ ጸሐፊዎቻችን ብራናውን ፍቀው በላዩ አዲስ ቃል ይጽፉ እንደነበረ ሁሉ፣ የማጥፊያ ሶፍትዌርም በዲስኩ ላይ ከዳር እስከ ዳር ትርጉም የሌለው ቁጥር ይጽፍበታል። ለነጠላ ፋይል ኢሬዘር የተባለው፣ ለሙሉ ዲስክ ደግሞ ኤንዋይፕ የተባለው ሶፍትዌር ያለ ክፍያ ይገኛሉ። ፒተር ጉትማን የተባለ ሊቅ በ1996 ዓ.ም. በአውሮፓውያን አቆጣጠር ባወጣው ጽሑፍ ምክንያት፣ 35 ጊዜ ደጋግሞ መጻፍ ያስፈልጋል የሚል አስተያየት ተስፋፍቶ ነበር። ይህ በዘመኑ ለነበሩት ልዩ ልዩ የዲስክ ዓይነቶች የታሰበ ነው። ለዛሬው ሀርድ ዲስክ ግን አንድ ጊዜ በሚገባ መጻፍ እንደሚበቃ የአሜሪካ የደረጃዎች ተቋም በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2014 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ ገልጿል።

እዚህ ላይ ሊዘነጋ የማይገባው ነገር አለ። ከላይ የተነገረው የሚሽከረከር ሳህን ላለው ሀርድ ዲስክ ነው። ኤስ.ኤስ.ዲ. የሚባለው አዲሱ ዲስክና በኪሳችን የምንይዘው ፍላሽ ግን ጠባያቸው ልዩ ነው። በእነዚህ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ክፍሎች ብዙ ጊዜ ሲጻፍባቸው ስለሚያረጁ፣ ዕቃው ራሱ ጽሑፉን ከቦታ ቦታ እያዘዋወረ ያስቀምጣል። ስለዚህ በአሮጌው ላይ ጻፍኩ ስትሉ አዲሱ ጽሑፍ በሌላ ቦታ ሊያርፍ፣ አሮጌውም ባለበት ሊቀር ይችላል። በሳንዲያጎ የሚገኙ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2011 ዓ.ም. እንዳረጋገጡት፣ በእንደነዚህ ያሉ ዲስኮች ላይ ነጠላ ፋይልን ለይቶ ለማጥፋት ከሞከሯቸው ዘዴዎች አንዱም አስተማማኝ አልነበረም። ለኤስ.ኤስ.ዲ. የሚሻለው አምራቹ ባዘጋጀው ትእዛዝ መላውን ዲስክ ማጽዳት ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ደግሞ ዲስኩን ከተገዛበት ቀን ጀምሮ በምሥጢር ቁልፍ ቆልፎ መሥራት ነው፤ በመጨረሻ ቁልፉ ሲጠፋ የቀረው ሁሉ የማይነበብ ይሆናልና። ተበላሽቶ የማይነሣው ዲስክ ግን በሶፍትዌር ስለማይጸዳ፣ ሳህኑን ወይም በውስጡ ያሉትን ቺፖች አንድ ሳይቀር መሰባበር ይገባል።

እንግዲህ ሁሉን እናጥፋ ማለት ነውን? አይደለም። ያለ ጊዜው የጠፋ መዝገብ ያለ ጠባቂ ከተተወው ያላነሰ ጉዳት ያመጣል። የመሬት ክርክር ያለበት ሰው መብቱን የሚያስከብረው በመዝገብ ነው። ስለ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት የወጣው አዋጅ ቁጥር 179/1991 ለመዛግብት ጥበቃ ሥርዓት አበጅቷል። ስለ ግል መረጃ ጥበቃ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የሰው የግል መረጃ ከሚያስፈልገው ጊዜ በላይ እንዳይያዝ ያዝዛል። ስለዚህ አስቀድሞ መቆየት የሚገባውን ለይቶ መገልበጥ፣ ግልባጩም መከፈቱን ማየት፣ የበላይንም ፈቃድ በጽሑፍ መቀበል ያስፈልጋል። ከዚያ በኋላ ብቻ ማጥፋቱ ይጀመራል።

በሥራው ጊዜም ጥቂት ነገር ልብ በሉ። አንድ ቴራባይት የሚይዝ ሀርድ ዲስክ ለመጥረግ ሰዓታት ይፈጃል። በመካከሉ መብራት ቢቋረጥ ሥራው ተፈጸመ ማለት ስላልሆነ እንደገና ይጀመር። ሲያልቅም በመፈለጊያ ሶፍትዌር ይመርመር፤ የዲስኩ መለያ ቁጥር፣ የተጠቀሙበት ዘዴ፣ ቀኑና የሠራተኛው ፊርማ በቃለ ጉባኤው ላይ ይስፈር። ብዙዎቹ ትልልቅ የፎቶ ኮፒ መኪናዎች በውስጣቸው ዲስክ እንዳላቸው፣ በቴሌግራም የተላላክነውም ግልባጭ በሌላ ሰው ስልክ ላይ ሊቀር እንደሚችል አንርሳ።

ውድ አንባብያን፤ ከበዴሳም ሆነ ከሚኤሶ ተነሥቶ ጉዳዩን ለማስፈጸም ወደ ጭሮ የሚመጣው ባላገር ስሙን፣ የልጆቹን ስምና የመሬቱን ወሰን የሚነግረን መንግሥትን አምኖ ነው። ኮምፒዩተሩ ያረጃል፤ አደራው ግን አያረጅም። አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ ይባላልና፣ በቃለ ጉባኤ ላይ «ባዶ ነው» ብለን ከመፈረማችን በፊት በእውነት ባዶ መሆኑን እንወቅ።