ቅርጫት ኳስ

ቅርጫትን የማያውቅ ሰው የለም። ከቀርከሃ ይሠራል፤ ሽንኩርት ይያዝበታል፤ ገበያ ይኬድበታል። ኳስንም ልጅ ሁሉ ያውቃታል። ሁለቱ አንድ ላይ ሲጠሩ ግን ነገሩ እንግዳ ይሆናል። ቢቸና ወይም ሞጣ ከተማ ገብቶ የሚማር ልጅ አምሽቶ መጥቶ «ቅርጫት ኳስ ስጫወት ነው» ቢል፣ አባቱ «በቅርጫት ደግሞ ምን ጨዋታ አለ?» ማለቱ አይቀርም። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ይኸውና።

ጨዋታው የተጀመረው በአሜሪካ አገር፣ ስፕሪንግፊልድ በምትባል ከተማ፣ በታኅሣሥ ወር 1884 ዓ.ም. ነው። በዚያ አገር ታኅሣሥ ብርቱ ብርድ ነው። በረዶ ሜዳውን ስለሚሸፍነው ወጣቶች ውጭ ወጥተው መጫወት አይችሉም። በከተማዋ ባለ አንድ ትምህርት ቤት ጄምስ ናይስሚዝ የሚባል አስተማሪ ነበር። አለቃው ጠራውና «ለእነዚህ ወጣቶች በቤት ውስጥ የሚጫወቱት ነገር ፈልግላቸው» አለው። የሰጠው ጊዜ 14 ቀን ነበር።

ናይስሚዝ መጀመሪያ የውጭውን ጨዋታ በአዳራሽ ውስጥ ሞከረው። አልሆነም። አዳራሹ ጠባብ፣ ወለሉ ደረቅ ነውና ልጆቹ ተጋጭተው ተጎዱ። ታዲያ ቁጭ ብሎ አሰበ። ሰው በጨዋታ የሚጎዳው በምን ምክንያት ነው? ኳስ ይዞ የሚሮጠውን ሌላው ሊጥለው ስለሚታገል ነው። እንግዲያው ኳስ የያዘ ሰው አይሩጥ፤ እቆመበት ሆኖ ለጓደኛው ይወርውር። ኳስስ በኃይል የሚለጋው ለምንድን ነው? ግቡ መሬት ላይ ስለቆመ ነው። ግቡ ከራስ በላይ ቢሰቀል፣ አፉም ወደ ሰማይ ቢሆን፣ ኳሷ ወደ ላይ ወጥታ ቀስ ብላ መውረድ አለባት። ያን ጊዜ ጉልበት ብቻውን አያስገባትም።

ገና የተጫወተ ሰው ይህ ነገር ቶሎ ይገባዋል። ሩሯ በዱላ ተመትታ ስትመጣ ቁርጭምጭሚት ላይ ያረፈች እንደሆነ፣ ገናው አልፎ ጥምቀት ሲደርስም ያነክሳሉ። ናይስሚዝ የሸሸው እንዲህ ያለውን ነው።

ከዚያ በኋላ የትምህርት ቤቱን ጠባቂ ሁለት ሣጥን ጠየቀው። ጠባቂው «ሣጥን የለም፤ የኮክ ቅርጫት ግን አለ» አለው። ሁለቱን ቅርጫቶች በአዳራሹ ሰገነት ላይ፣ አንዱን ወዲህ አንዱን ወዲያ፣ በሚስማር መታቸው። የሰገነቱ ከፍታ 3 ሜትር ከ5 ሳንቲ ሜትር፣ ማለት ስድስት ክንድ ያህል ነበር። ዛሬም በዓለም ሁሉ የቅርጫት ኳስ ግብ የሚሰቀለው በዚሁ ከፍታ ነው። ሰገነቱ ዝቅ ብሎ ተሠርቶ ቢሆን ኖሮ ዛሬ አጭር ሰውም ደኅና ተጫዋች በሆነ ነበር።

ያን ዕለት 18 ተማሪዎች ዘጠኝ ዘጠኝ ሆነው ተጫወቱ። ደንቡ 13 ነበር። ዛሬ በአንድ ወገን የሚሰለፉት አምስት ናቸው። የሚያስቀው ነገር ቅርጫቱ ታቹ ድፍን መሆኑ ነው። ኳስ በገባች ቁጥር አንድ ሰው በመሰላል ወጥቶ ያወጣት ነበር። ታቹ ክፍት የሆነው ኋላ ነው። ዛሬ ቅርጫት ቀርቶ የብረት ቀለበትና መረብ ሆኗል፤ ስሙ ግን እዚያው ቀረ።

ሴቶችም ወዲያው ጀመሩት። በመጋቢት 1885 ዓ.ም. በዚያው አካባቢ ባለ የሴቶች ኮሌጅ ተማሪዎች ተጋጥመዋል። ወንድ ገብቶ እንዳያይ በሩ ተዘግቶ ነበር።

የናይስሚዝ ትምህርት ቤት የወጣት ወንዶች ክርስቲያናዊ ማኅበር ነበር። ማኅበሩ በአዲስ አበባም አራት ኪሎ ላይ ግቢ ነበረው፤ ሰው ባጭሩ ወወክማ ይለዋል። እኔ ያደግሁት በዚያ ሰፈር ነው። ትልልቆቹ ሲጫወቱ እኛ ሕፃናቱ በአጥሩ ሥር ቆመን እንጠብቃለን። ከአጥር የወጣችውን ኳስ ያመጣ ልጅ አንድ ጊዜ እንዲወረውር ይፈቀድለታል። ስለዚህ ኳስ በየት በየት በኩል እንደምትወጣ አሳምረን እናውቅ ነበር። የሸማኔ ልጅ፣ የወታደር ልጅ፣ የጠላ ሻጭ ልጅ ሁላችን እዚያ ነን። ትልቅ ስንሆንም ኳስ የማያቀብል ልጅ፣ ረጅም ቢሆንም እንኳ፣ ወደኛ ወገን የሚጠራው አልነበረም። በ2016 ዓ.ም. ከአራት ኪሎ አሮጌ ቤቶች ብዙዎቹ ፈረሱ። የሰፈሩ ልጆችም ተበትነናል። ስንገናኝ ግን መጀመሪያ የምናነሣው ያችን ኳስ ነው።

በ1973 ዓ.ም. ክረምት ለመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ቢቸና አጠገብ ተመደብሁ። ጧት ጧት ፊደል አስተምራለሁ። ከሰዓት በኋላ እረኞቹ መጡና ጨዋታ አሳየን አሉኝ። ኳሳችን የጨርቅ ነበረች። አንዲት እናት አሮጌ ቅርጫት አዋሱን፤ በባሕር ዛፍ ምሰሶ ላይ አሰርነው። የእኛ ልጆች መሰላል ሳይፈልጉ በመጀመሪያው ቀን ታቹን ቀደዱት። በሞጣ በኩል የዘመተ ጓደኛዬ ደግሞ የበርሜል ቀለበት አግኝቶ ኖሮ በደብዳቤ ፎከረብኝ።

እኔ በአራት ኪሎ የለመድሁት ኳስን መሬት ላይ እያነጠሩ መሮጥ ነው። በዚያ ጥቁር ጭቃ ላይ የጨርቅ ኳስ ከየት ትነጥራለች! ስለዚህ ቆሞ መወርወር ብቻ ሆነ። ኋላ ሳነብ በናይስሚዝ 13 ደንቦችም ውስጥ ማንጠር የሚባል ነገር እንደሌለ አየሁ። እረኞቹ ሳያውቁት የመጀመሪያውን ጨዋታ ነበር የተጫወቱት።

አንድ ቀን ግን ከብቱ ተረሳ። ዘጠኝ ከብት የጎረቤት ጤፍ ውስጥ ገባ። የአንዱ እረኛ አባት ሽመላቸውን ይዘው መጡ።

«መምህር፣ ፊደሉን ተቀብለናል። ይህ ግን ከምን ይቆጠራል? ጤፉን ኳስ ይከፍላል?»

«ጥፋቱ የኔ ነው አባቴ» አልሁ። ሌላ ምን እላለሁ?

ነገሩ ወደ ገበሬ ማኅበሩ ፍርድ ሸንጎ ሳይደርስ ሽማግሌዎች ያዙት። ተጫዋች የሆነ ሁሉ፣ እኔም ጭምር፣ የባለጤፉን ማሳ ሁለት ቀን እንድናርም ተፈረደብን። ለወደፊቱም ግማሹ ሲጫወት ግማሹ ከብት እንዲጠብቅ፣ ተራ እንዲገባ ተባለ። አረሙን አረምን። የአባትዬው ልጅ ወገቡን ይዞ ሲያቃስት አባቱ ከድንበሩ ቆመው ይስቁ ነበር። ተራው ግን እስከ መስከረም ሳይፈርስ ቆየ።

ዘመቻው ሲያልቅ ቅርጫቱን ልንመልስ ሄድን። እናትዬዋ አገላብጠው አዩትና እጃቸውን በቀዳዳው አሾለኩ።

«ይህ ታች የሌለው ነገር ምን ሊያዝበት ነው?» አሉን።

ከእረኞቹ አንዱ እጀ ሥራ ነበር። ሌላ ሠርቶ ሰጣቸው።