ጓዙ ሲራገፍ የሚቆመው

በ1975 ኒውዮርክ ብሮድዌይ ላይ ሁለት ሙዚቃዊ ተውኔቶች ወጡ (በዚህ ጽሑፍ ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። «ኤ ኮረስ ላይን» ዘጠኝ የቶኒ ሽልማት ጠራርጎ ወሰደ፤ ፑሊትዘርንም ደረበበት፤ 6,137 ጊዜ ታይቶ በ1990 ወረደ። «ቺካጎ» በ11 ዘርፍ ታጭቶ ባዶ እጁን ቀረ፤ 936 ጊዜ ታይቶም ተዘጋ። ያኔ «ከዘመናት በኋላ ተመልሶ መድረኩን የሚቆጣጠረው የትኛው ነው?» ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ ማንንም ባላከራከረ ነበር። የሆነው ግን የተገላቢጦሽ ነው። «ኤ ኮረስ ላይን» በ2006 ተመልሶ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ወረደ። የ«ቺካጎ» በ1996 የተመለሰው ዝግጅት ግን ከ10,000 ጊዜ በላይ ታይቶ፣ በብሮድዌይ ከአሜሪካውያን ሙዚቃዊ ተውኔቶች ሁሉ ረጅም ዕድሜ ያገኘ ሆነ።

የ«ኤ ኮረስ ላይን» መድረክ ራቁቱን ነው ማለት ይቻላል፤ መስተዋትና ወለሉ ላይ የተሰመረ መስመር ብቻ። ይሁንና አዘጋጁ ማይክል ቤኔት የቀመረው ውዝዋዜና ገጸ ባሕርያቱ የሆኑት ተወዛዋዦች ታሪክ አንድ አካል ስለሆኑ፣ እርምጃውን ሳይነኩ ታሪኩን ማደስ ያስቸግራል። በ2006 የመለሱት ሰዎችም ከቤኔት ጋር የሠሩ ነበሩና የቀድሞውን እንዳለ ደገሙት። የ«ቺካጎ» ዘፈኖች በአንጻሩ እያንዳንዳቸው ራሳቸውን የቻሉ የቫሪቲ ትርኢት ሆነው የተጻፉ ናቸው። ጆን ካንደርና ፍሬድ ኤብ በዚያ መልክ ስለጻፏቸው፣ በ1996 ባንዱን መድረኩ መሃል አስቀምጦ ተዋናዮቹን ጥቁር አልብሶ ማቅረብ በቃ። ወደፊት የትኛው ሙዚቃዊ ተውኔት ይመለሳል ለሚለው ጥያቄ የምሰጠው መልስም ከዚሁ ንጽጽር ይነሣል፤ የሚመለሰው ድርሰቱ ከመጀመሪያ ዝግጅቱ ሊላቀቅ የሚችለው ነው። ዝናው፣ የታየበት ዘመን ርዝመትና የዘፈኖቹ ተወዳጅነት ከዚያ በኋላ የሚመጡ ናቸው።

ይህን የምለው ከቴአትር ሙዚቃ ቅንብር ሙያ ተነሥቼ ነው። የዚህ ሙያ የዕለት ተዕለት ሥራ በአብዛኛው መቀነስ ነው። ሃያና ሠላሳ ሙዚቀኛ ታስቦ የተጻፈን ኖታ፣ በጀቱ ስምንት ወይም ዘጠኝ ሰው ብቻ ሲፈቅድ ለዚያ ቁጥር ማብቃት ያስፈልጋል። አንዱ ተጫዋች ፍሉት፣ ክላርኔትና ሳክስፎን እየቀያየረ ይነፋል፤ የቫዮሊኖቹ ክፍል ወደ አንድ ቫዮሊንና አንድ ቼሎ ይወርዳል፤ የቀረውን ኪቦርዱ ይሸከማል። በዚህ ሥራ ላይ ድርሰቱ ገመናውን ይገልጣል። ሁለተኛው ክላርኔት ሲወጣ ትዕይንቱ ምንም የማይጎድልበት ኖታ አለ፤ ያ ድምፅ መጀመሪያም የተጻፈው ለማድመቅ ነበር። ሁለተኛው ክላርኔት ሲወጣ የገጸ ባሕርዩ ሐሳብ የሚጠፋበት ኖታም አለ፤ እዚያ ላይ መስመሩን ለሌላ መሣሪያ ማውረስ ግድ ይሆናል። ከግማሽ በላይ ሙዚቀኛ ተቀንሶለት አሁንም የሚናገር ድርሰት የመድረኩ ጓዝ ቢቀነስለትም ይናገራል።

አስፈሪው «ስዊኒ ቶድ» ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። በ1979 ሃሮልድ ፕሪንስ ሲያዘጋጀው፣ መድረኩን ከሮድ አይላንድ በመጣ የእውነተኛ ብረት ማቅለጫ ፋብሪካ ፍርስራሽ አስገንብቶት ነበር። በ2005 ጆን ዶይል ያንን ሁሉ አስቀርቶ አሥር ተዋናዮችን ብቻ ይዞ ወጣ፤ ኦርኬስትራ የሚባል ነገር አልነበረም፤ መሣሪያዎቹን የሚጫወቱት ራሳቸው ተዋናዮቹ ናቸው። ፓቲ ሉፖን ሚስስ ሎቬትን ሆና ስትተውን ቱባ ትነፋ ነበር። ሙዚቃውን ለዚህ ያበቃችው ሳራ ትራቪስ ለቅንብሯ ቶኒ ተሸለመች። በ2023 ደግሞ ይኸው ሥራ የጆናታን ቱኒክን የመጀመሪያ ቅንብር ይዞ በ26 ሙዚቀኛ ተመለሰ፤ ያም ሰመረ። ምሥጢሩ ኖታው ውስጥ ነው። የሙዚቃው ደራሲ ስቲቨን ሶንድሃይም «ዲየስ ኢሬ» የተባለውን የጥንት የላቲን የሙታን ዜማ ሰባብሮ በሥራው ሁሉ ውስጥ በትኖታል። ያቺን አጭር ሐረግ ቼሎ ቢይዛት፣ ጥሩምባ ቢይዛት ወይም ተዋናዮቹ በጉሮሯቸው ቢያወጧት ፍርሃቱ ይደርሳል። ፍርሃቱ ከፋብሪካው ብረት የመጣ ቢሆን ኖሮ ከብረቱ ጋር አብሮ በወረደ ነበር።

«ኦክላሆማ!»ም እንዲሁ። በ1943 ሮበርት ራስል ቤኔት ለ28 ሙዚቀኛ ያቀናበረውን ሥራ፣ በ2019 የዳንኤል ፊሽ ዝግጅት ሰባት ሰው ብቻ ባለው የገጠር ባንድ አቀረበው፤ ባንጆ፣ ማንዶሊን፣ ፔዳል ስቲል ጊታር፣ አኮርዲዮን፣ ቫዮሊን፣ ቼሎና ኮንትራባስ። የራስል ቤኔት ቅንብር ሸፍኖት የኖረው የታሪኩ ጭካኔ ያኔ ተጋለጠ፤ ዝግጅቱም የምርጥ ድጋሚ ዝግጅት ቶኒን አገኘ። ይህ ላቅቆ የማየት ሙከራ ኒውዮርክ ውስጥ ቤት ተሠርቶለታል ማለት ይቻላል። ሲቲ ሴንተር ከ1994 ጀምሮ «ኢንኮርስ!» በተባለው ፕሮግራሙ የድሮ ሙዚቃዊ ተውኔቶችን በኮንሰርት መልክ ያቀርባል፤ ኦርኬስትራው መድረክ ላይ ይቀመጣል፣ ልምምዱ የጥቂት ቀናት ነው፣ የመድረክ ግንባታው ለስም ያህል ነው። የ1996ቱ «ቺካጎ» የወጣው ከዚያ ነው። በ2022 «ኢንቱ ዘ ዉድስ» በዚያው በር አልፎ ብሮድዌይ ገባ። «ፓሬድ» በ1998 ከሦስት ወር ያነሰ ዕድሜ ብቻ የነበረው ሥራ ነው፤ በ2022 በሲቲ ሴንተር በጥቂቱ ተዘጋጅቶ ከታየ በኋላ በ2023 ብሮድዌይ ወጥቶ የምርጥ ድጋሚ ዝግጅት ቶኒን ወሰደ። «ራግታይም»ም ከ2024 እስከ 2025 የሄደው በዚሁ መንገድ ነው። አንድ በር ይህን ያህል ሥራ ካሳለፈ ነገሩ እንዲያው የአጋጣሚ ጉዳይ አይደለም። ኮንሰርት ዝግጅቱን አስቀርቶ ድርሰቱን ብቻ ይፈትናል።

የመጀመሪያው ተቃውሞ ከፕሮዲውሰሮች ወገን ይመጣል፤ «ይህ ሁሉ የባለሙያ ፍልስፍና ነው፤ ትኬት የሚሸጠው የታወቀ ፊት ነው» ይላሉ። እውነት አላቸው። «ሜሪሊ ዊ ሮል አሎንግ» በ1981 ብሮድዌይ ላይ 16 ጊዜ ብቻ ታይቶ የተዘጋ ሥራ ነው፤ በ2023 ሲመለስ የፊልም ተዋናዩን ዳንኤል ራድክሊፍን ይዞ ነበር፤ ቶኒውን አገኘ፤ ወጪውንም መለሰ። ነገር ግን ይህ የማሪያ ፍሪድማን ዝግጅት ከራድክሊፍ አልጀመረም። በ2012 ለንደን ውስጥ ሜንየር ቾኮሌት ፋክተሪ በተባለ ትንሽ ቴአትር ቤት ያለ ሆሊውድ ኮከብ ተሠርቶ፣ በዚያው ሥራው እንደሚቆም ታይቶ ነበር። ኮከቡ የመጣው በቆመው ላይ ነው። ኮከብ ሥራውን ከትልቁ አዳራሽ ያደርሰዋል፤ የማይላቀቀውን ድርሰት ግን ሲያላቅቅ አላየንም።

ሁለተኛው ተቃውሞ የዘፈን ወዳጆች ነው፤ ጥሩ ዘፈን ያለው ሥራ አይሞትም ይላሉ። ዘፈኑ አይሞትም፤ ተውኔቱ ግን ሊሞት ይችላል። «ፊኒያንስ ሬይንቦው» ከ1947 ጀምሮ ብዙ የጃዝ ዘፋኞች ያቀነቀኗቸውን ዘፈኖች ያፈራ ነው፤ በ2009 ብሮድዌይ ሲመለስ ግን ሦስት ወር እንኳ አልሞላውም። ዘፈኑ ከተውኔቱ ውጭ ሙሉ ሕይወት ካገኘ፣ ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ ሊሰማው የሚችለውን ለማየት ትኬት የሚቆርጥበት ሌላ ምክንያት ይፈልጋል። ያን ምክንያት ማቅረብ ያለበት ታሪኩ ነው፤ በ«ፊኒያንስ ሬይንቦው» ደግሞ ታሪኩ ለዘፈኖቹ ማያያዣ ክር ከመሆን ብዙም አያልፍም።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉም የሚከብደኝ ነው። ከዝግጅታቸው የማይለዩ ትላልቅ ትርኢቶችም ሲመለሱ አይተናል። ተዋናዮቹ በሮለር ስኬት የሚሮጡበት «ስታርላይት ኤክስፕረስ» በ2024 ለንደን ተመልሷል። የዚያን ሥራ ታሪክ ጠጋ ብሎ ላየው ግን ነገሩ የእኔን ክርክር ያጠናክራል። ጀርመን ቦኹም ውስጥ ከ1988 ጀምሮ የሚታየው ለእሱ ብቻ በተሠራ ሕንፃ ነው፤ ለንደንም ሲመለስ የመሮጫውን መንገድ እንደ አዲስ መገንባት ግድ ሆነ። መመለስ ይችላል፤ ግን ሁልጊዜ ቤቱን ተሸክሞ ነው። 75 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የፈሰሰበት «ስፓይደር ማን፦ ተርን ኦፍ ዘ ዳርክ» በ2014 ከወረደ ወዲህ ይመለሳል ብሎ የሚጠብቅ ብዙ ሰው የለም፤ በገመድ የመብረሩ ትዕይንት ሲነሣለት የሚቀረው ጥቂት ነውና። በሌላ በኩል «ካትስ» የድመት ሜካፕና የቆሻሻ መጣያ መድረክ ብቻ ይመስለን ነበር። በ2024 ኒውዮርክ ውስጥ አዘጋጆቹ ድመቶቹን «ቦልሩም» በተባለው የጥቁሮችና የላቲኖች የአለባበስና የውዝዋዜ ውድድር ተወዳዳሪዎች ሲያደርጓቸው፣ ድርሰቱ የውድድር ቅርጽ እንዳለው ተገኘ። ስለዚህ የጓዝ ብዛት ብቻውን አይፈርድም። የሚፈርደው ከጓዙ በታች ሌላ ዝግጅት ሊሸከም የሚችል አጽም መኖሩ ነው።

የዘመኑ ግብረ ገብስ? በሴቶች፣ በጥቁሮች ወይም በእስያውያን ላይ የተጻፈው የድሮ አስተያየት ብዙ ሥራዎችን ለዘለዓለም ዘግቷቸዋል የሚሉ አሉ። እኔ የማየው ግን ልዩነቱ ጥፋቱ የተቀመጠበት ቦታ ላይ ነው። በ2018 ባርትሌት ሼር «ማይ ፌር ሌዲ»ን ሲያዘጋጅ ቃሉን ሳይለውጥ ፍጻሜውን ለወጠው፤ ባለታሪኳ ኤላይዛ አስተማሪዋን ፕሮፌሰር ትታ በተመልካቹ መሃል ወጥታ ሄደች። ጽሑፉ ይህን ቻለ። ጥፋቱ አጥንት ውስጥ ሲሆን ግን ቃለ ተውኔቱን እንደ አዲስ ማስጻፍም ዋስትና አይሆንም። «ፍላወር ድራም ሶንግ» በ2002 ሙሉ አዲስ ጽሑፍ ይዞ 169 ጊዜ ብቻ ታየ። «ካሜሎት» በ2023 በአሮን ሶርኪን ብዕር ታድሶ አራት ወር ሳይሞላው ተዘጋ። ድርሰቱን ከዝግጅቱ ማላቀቅና ድርሰቱን ራሱን አውጥቶ በሌላ መተካት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ሁለተኛው ሲሆን ተመልካቹ የሚወደውን ዜማ ከማያውቀው ታሪክ ጋር ማስታረቅ ይሆንበታል።

ከባለሙያው እጅ ውጭ የሆነ አንድ ነገር አለ፤ የባለመብቶች ፈቃድ። ወራሾችና ኩባንያዎች ኖታ መቀነስን፣ የገጸ ባሕርይ ጾታ መለወጥን፣ ፍጻሜ መንካትን ሊከለክሉ ይችላሉ። በአሜሪካ ሕግ ከ1920ዎቹ እስከ 1940ዎቹ የወጡ ሥራዎች ጥበቃ 95 ዓመት ነው። የ1927ቱ «ሾው ቦት» በ2023 መጀመሪያ ነጻ ወጥቷል፤ «ኦክላሆማ!» ተራው የሚደርሰው በ2039 ነው። ስለዚህ በሚቀጥሉት አሥራ አምስት ዓመታት የ1930ዎቹ ሥራዎች እያንዳንዳቸው ከፈቃድ ነጻ ሲሆኑ፣ ከለመድነው በጣም ደፋር የሆኑ ዝግጅቶች ይወጣሉ ብዬ እጠብቃለሁ። ነጻ መውጣት ግን የሚላቀቀውን ለማላቀቅ ነው የሚረዳው፤ የማይላቀቀው ያለ ከልካይም ባለበት ይቀራል።

እንግዲህ ስም እንጥራ። በዚህ መለኪያ በመጀመሪያ የማስቀምጠው የካንደርና የኤብ «ዘ ስኮትስቦሮ ቦይስ» ነው። በ1931 አላባማ ውስጥ በሐሰት የተከሰሱትን ዘጠኝ ጥቁር ወጣቶች ታሪክ ይዞ በ2010 ብሮድዌይ ወጣ፤ 49 ጊዜ ታይቶ ተዘጋ፤ በ12 ዘርፍ ለቶኒ ታጭቶ አንድም አላገኘም። ነጮች ፊታቸውን አጥቁረው በጥቁሮች ይሳለቁበት የነበረውን የሚንስትረል ትርኢት ገልብጦ ጥቁር ተዋናዮች ነጮቹን እንዲተውኑ ማድረጉ በወቅቱ ቴአትር ቤቱ ደጅ ድረስ ተቃውሞ አስነሥቶ ነበር። መድረኩ ከወንበሮች ብዙ አያልፍም፤ ወንበሮቹ ባቡርም እስር ቤትም ይሆናሉ። ለማላቀቅ የቀረ ነገር የለውም፤ ክርክሩ ደግሞ አልተዘጋም።

ቀጥሎ «ዘ ባንድስ ቪዚት»። በ2018 አሥር ቶኒ ያገኘው ይህ ሥራ፣ መንገድ ስተው እስራኤል ውስጥ በአንዲት የበረሃ ከተማ ያደሩ የግብጽ ፖሊስ ሙዚቀኞችን ታሪክ ይተርካል። መሣሪያዎቹ መድረክ ላይ ናቸው፤ ኡድ የተባለው ባለ ክርና ዳርቡካ የተባለው ከበሮ ራሳቸው ተራኪዎች ናቸው። የአካባቢው ጦርነት ሥራውን ያከብደዋል እንጂ አይዘጋውም። ሦስተኛው የምቦንጌኒ ንጌማ «ሳራፊና!» ነው። በ1987 ጆሃንስበርግ ማርኬት ቴአትር ተጀምሮ በ1988 ብሮድዌይ የደረሰው ይህ ሥራ፣ የ1976ቱን የሶዌቶ ተማሪዎች አመፅ ይዘፍናል፤ ብዙዎቻችን የምናውቀው በ1992ቱ ፊልም ነው። አንዳንዶች ከአፓርታይድ ጋር ጊዜው አልፎበታል ይላሉ። እኔ ግን የተሸከመው ሙዚቃ የወጣቶች የኅብረት ድምፅና ምባቃንጋ የተባለው የከተማ ሙዚቃ መሆኑን አያለሁ፤ ይህ በየትኛውም ትምህርት ቤት መዘምራን ሊቆም ይችላል። ማንዴላ ገና እስር ቤት ሳለ የተጻፈው ተስፋ፣ የሆነውን ሁሉ በሚያውቅ ተመልካች ፊት ሲዘፈን ጥያቄ ሆኖ ይመጣል።

ዛሬ በትልቅ ስክሪን፣ በአንድ ኮከብ ልክና በአንድ ኮሪዮግራፈር እጅ ተሰፍተው የሚወጡ ሥራዎች ብዙ ናቸው፤ ትኬታቸው ይሸጣል፤ ይሽጥ። ከሠላሳ ዓመት በኋላ መታየትን የሚሻ ደራሲ ግን ከመጀመሪያው ምሽት በፊት አንድ ሙከራ ቢያደርግ እመክራለሁ። ሙሉውን ሥራ ያለ መብራት ያለ ልብስ፣ በአንድ ፒያኖ ብቻ፣ ታሪኩን ለማያውቁ ሰዎች ያሰማ። እነዚያ ሰዎች የሚጠፋባቸው ቦታ ካለ፣ እዚያ ቦታ ላይ የዝግጅቱ ጓዝ የደራሲውን ሥራ እየሠራለት ነው ማለት ነው፤ ያንን ክፍል ጽፎ መጨረስ ያለበትም አዘጋጁ ሳይሆን እሱ ነው።