በአራቱም ጎማ የሚጎትት ቫን የኃይል ማስተላለፊያ ብልሽትን መለየት

በአራቱም ጎማ የሚጎትት ቫን የኃይል ማስተላለፊያ ብልሽትን መለየት ማለት የሞተሩን ጉልበት ወደ አራቱ ጎማዎች ከሚያደርሱት ክፍሎች የተበላሸው የትኛው እንደሆነ ክፍሎቹ ከመፈታታቸው በፊት ለይቶ የማወቅ ሥራ ነው። ምርመራው በዋናነት በድምፅ፣ በንዝረት፣ በዘይት መልክና በእጅ በሚደረጉ ቀላል ሙከራዎች ይካሄዳል። አራቱም ጎማ በዘንግና በጥርስ የተያያዘ በመሆኑ በአንዱ ክፍል የተፈጠረ ድምፅ ሌላ ቦታ ሊሰማ ይችላል። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «ድምፁ ከየት ይመጣል?» ሳይሆን «መቼ ይመጣል፣ መቼስ ይጠፋል?» የሚለው ነው።

ማንኪራና መንገዱ

ማንኪራ በካፋ ዞን በዴቻ ወረዳ የሚገኝ፣ ቡና በጫካ ውስጥ ሳይተከል የሚበቅልበት አካባቢ ነው። የዓረቢካ ቡና መገኛ እንደሆነም ይነገርለታል። የካፋ ደን እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ በባዮስፌር ሪዘርቭነት ተመዝግቧል። ዝናቡ ብዙ ወራት የሚቆይ ሲሆን አፈሩ በአብዛኛው ሲረጥብ የሚያዳልጥ ቀይ ሸክላ ነው። ከጅማ ወደ ቦንጋ የሚወስደው ዋና መንገድ አስፋልት ነው፤ ከዋናው መንገድ ወደ ገጠር ቀበሌዎች ሲታጠፍ ግን ጭቃ፣ ዳገትና ጅረት ይጠብቃል።

እንዲህ ባለ መንገድ ላይ ቡና የሚጭን፣ ተሳፋሪ የሚያመላልስ ወይም ወላድ ወደ ሆስፒታል የሚያደርስ መኪና ሲቆም ጉዳቱ ከጥገናው ዋጋ በላይ ነው። በአካባቢው ገበያ ያልተገኘ መለዋወጫ ከጅማ ወይም ከአዲስ አበባ መምጣት አለበት። ብልሽቱ በስህተት ተገምቶ የማያስፈልግ ዕቃ ከመጣ ገንዘቡም ቀኑም ይባክናል።

የኃይሉ ጉዞ

ጉልበቱ ከሞተሩ ተነስቶ በፍሪሲዮን በኩል ወደ ካምቢዮ ይገባል። ከካምቢዮ ቀጥሎ ኃይሉን ለፊትና ለኋላ የሚያካፍል ሳጥን አለ። ከዚያ በማስተላለፊያ ዘንግና በመጋጠሚያው በክሮቼራ አድርጎ ወደ ዲፈረንሻል ይደርሳል። ዲፈረንሻሉ ለቀኝና ለግራ ያካፍለዋል፤ የጎማ ዘንጎቹም በሞዞ በኩል ጎማውን ያዞሩታል።

አሠራሩ ከመኪና መኪና ስለሚለያይ ከምርመራው በፊት የመኪናውን ዓይነት ማወቅ ያስፈልጋል። ዋናዎቹ ሦስት ናቸው።

በፍላጎት የሚያያዝ፦ አሽከርካሪው ማንሻ ስቦ የፊቱን ጎማ ከኋላው ጋር ያገናኛል። በኢትዮጵያ ገጠር በአምቡላንስነት በብዛት የሚታየው የቶዮታ ላንድክሩዘር ሃርድቶፕ እንዲሁም የቀድሞዎቹ ባለ አራት ጎማ ሚትሱቢሺ ዴሊካ ቫኖች በዚህ መንገድ ይሠራሉ። በፊትና በኋላ መካከል የፍጥነት ልዩነትን የሚያስተናግድ ዲፈረንሻል የላቸውም።

ሁልጊዜ የተያያዘ፦ በፊትና በኋላ መካከል ዲፈረንሻል ወይም ወፍራም የሲሊኮን ፈሳሽና ተደራራቢ ሳህኖች ያሉት ማያያዣ ይኖራል። እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣውና በኦስትሪያ ግራዝ ከተማ የተገጣጠመው የቮልስዋገን ሲንክሮ ቫን የፈሳሽ ማያያዣ ካላቸው የታወቁ ቫኖች አንዱ ነው።

በኮምፒውተር የሚታዘዝ፦ ጎማ ሲንሸራተት በሴንሰር ተለይቶ በዘይት ግፊት የሚሠራ ማያያዣ ሌላውን ዘንግ ያስገባል። በዚህ ዓይነት ላይ ከሜካኒካል ምርመራው ጋር የኮምፒውተር ኮድ ማንበብም ያስፈልጋል።

ብልሽት የሚመስል ነገር ግን ያልሆነ

መኪና ሲታጠፍ የፊት ጎማዎች ከኋላዎቹ የበለጠ ርቀት ይሄዳሉ። በፍላጎት በሚያያዝ መኪና ላይ ፊትና ኋላው ተቆልፈው እያለ ይህ ልዩነት መውጫ ያጣል። በጭቃ ላይ ጎማው ትንሽ ስለሚንሸራተት ችግር የለም። አስፋልት ላይ ግን ዘንጎቹ እየተጠመዘዙ ይወጠራሉ፤ መሪው ይከብዳል፣ መኪናው በመታጠፊያ ላይ ይዘላል፣ ማንሻውም አልወጣም ይላል። ከጭቃው ወጥቶ አስፋልት ላይ ከደረሰ በኋላ ይህን ያየ ሰው ካምቢዮው የተሰበረ ሊመስለው ይችላል። መፍትሔው ግን መኪናውን ቀጥ አድርጎ ጥቂት ሜትር ወደ ኋላ ማስኬድና ውጥረቱ ሲለቅ ማንሻውን ማውጣት ነው።

ሁለተኛው አሳሳች ነገር ጭቃ ነው። በቸርኬው ውስጠኛ ክፍል አንድ ጎን ብቻ ተለጥፎ የደረቀ ጭቃ የጎማውን ሚዛን ያዛባል፤ ፍጥነት ሲጨምር የሚመጣው ንዝረትም የተጣመመ ዘንግ ያስመስላል። ስለዚህ ምርመራው ሁልጊዜ የሚጀምረው ቸርኬዎቹንና የመኪናውን ሆድ በማጠብ ነው።

ምልክቶችና ትርጉማቸው

ድምፁ የሞተሩን ዙር ነው ወይስ የመኪናውን ፍጥነት የሚከተለው? ይህን ለመለየት ባዶና ደልዳላ መንገድ ላይ በመጠነኛ ፍጥነት እየተጓዙ ለጥቂት ጊዜ ዜሮ ማርሽ ማድረግ ይቻላል። ቁልቁለት ላይ ግን ፈጽሞ አይደረግም። ድምፁ ከቀጠለ ምንጩ ከካምቢዮ በኋላ ያሉት ክፍሎች ማለትም ዘንግ፣ ዲፈረንሻል፣ ኩሽኔታ ወይም ጎማ ሊሆን ይችላል። ከጠፋ ጥርጣሬው ወደ ሞተር፣ ፍሪሲዮንና ካምቢዮ፣ ወይም በጭነት ጊዜ ብቻ ወደሚጮኹ ጥርሶች ያዘነብላል።

መኪናው ቆሞ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ ዜሮ ማርሽ ላይ የሚሰማ ድምፅ ፍሪሲዮን ሲረገጥ ከጠፋ የካምቢዮው መግቢያ ዘንግ ኩሽኔታ ይጠረጠራል። ፍሪሲዮን ሲረገጥ ከመጣ ደግሞ የፍሪሲዮኑ መግፊያ ኩሽኔታ ነው።

የሞተሩ ዙር እየጨመረ መኪናው ካልፈጠነና የመቃጠል ሽታ ካለ ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ ነው።

ሲነሳ ወይም ከፊት ወደ ኋላ ማርሽ ሲቀየር «ጓ» የሚል ምት በብዛት ከተበላ ክሮቼራ ይመጣል። መኪናው ታኮ ተደርጎለት፣ ሞተሩ ጠፍቶ፣ የክሮቼራው ሁለት ጎን በእጅ ተይዞ በተቃራኒ አቅጣጫ ሲጠመዘዝ ከላላ ወይም በዙሪያው ቀይ የዝገት ዱቄት ከታየ መቀየር አለበት።

በመታጠፊያ ላይ ቶሎ ቶሎ የሚሰማ «ቀጭ ቀጭ» የፊት ጎማ ዘንግ ውጫዊ መጋጠሚያ ማለቁን ያሳያል። የመጋጠሚያው የጎማ ሽፋን ተቀዶ ግሪሱ ወጥቶ ጭቃ መግባቱም በዓይን ይታያል።

መሪ ወደ አንድ ጎን ሲዞር የሚጨምር ጉርምርምታ የሞዞ ኩሽኔታ ምልክት ነው። ወደ ግራ ሲታጠፍ ክብደቱ ወደ ቀኝ ስለሚሄድ ድምፁ ከጨመረ ብዙውን ጊዜ የቀኙ ነው። ጎማው በክሪክ ተነስቶ ከላይና ከታች ተይዞ ይወዘወዛል። ውዝዋዜው ፍሬን ሲያዝ ከጠፋ ኩሽኔታው ነው፤ ካልጠፋ የመሪው መጋጠሚያ ይታያል።

ነዳጅ ሲረገጥ መጥቶ ሲለቀቅ የሚቀየር ቀጭን ጩኸት የዲፈረንሻል ጥርስ ወይም ኩሽኔታ መበላት ምልክት ነው።

ዘይቱ የሚናገረው

በጉዞ የጋለ ዲፈረንሻል ቀዝቃዛ ጅረት ውስጥ ሲገባ በውስጡ ያለው አየር ይኮማተራል። መተንፈሻው በጭቃ ከተደፈነ ወይም ወደ ታች ከወረደ በዘይት መያዣው ጎማ በኩል ውኃ ይሳባል። ውኃ የገባበት ዘይት መልኩ ማኪያቶ ይመስላል። እንዲህ ያለ ዘይት ጥርስና ኩሽኔታን ስለማያለሰልስ ወዲያው መቀየር አለበት፤ መተንፈሻውም ይጸዳል።

በማውጫው ቡሎን ማግኔት ላይ የሚታይ ግራጫ ልስልስ ዝቃጭ የተለመደ ነው። በጣት የሚለይ ስባሪ ብረት ግን ጥርስ ወይም ኩሽኔታ መሰበሩን ያመለክታል። ዘይት ሲቀየር አስቀድሞ መፈታት ያለበት የመሙያው ቡሎን ነው። መሙያው አልፈታ ብሎ ዘይቱ አስቀድሞ ከፈሰሰ መኪናው ባለበት ይቀራል።

የጎማ ልክ

ሁልጊዜ በአራቱም ጎማ በሚጎትት ቫን ላይ የጎማዎቹ ዙሪያ እኩል መሆን አለበት። ለመለካት ጎማው ላይና መሬቱ ላይ በጠመኔ ምልክት ተደርጎ መኪናው አንድ ሙሉ ዙር ይገፋል፤ የተሄደውም ርቀት በሜትር ይለካል። ለምሳሌ የፊቱ 2.10 ሜትር፣ የኋላው 2.11 ሜትር ቢሆን ልዩነቱ 1 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ነገር ግን በ100 ኪሎ ሜትር ጉዞ የፊቱ ጎማ ከኋላው 226 ዙር ያህል ብልጫ ይዞራል። የመሃሉ ማያያዣ ይህን ልዩነት ያለ ዕረፍት ስለሚሸከም ይግላል፣ ቶሎም ያልቃል። ስለዚህ አዲስ ማያያዣ ከመግዛት በፊት አራቱን ጎማ መለካትና ነፋሳቸውን ማስተካከል ይገባል።

የምርመራው ቅደም ተከተል

ምርመራው ወጪ ከሌለው ወደ ውዱ ይሄዳል፦ እጥበት፣ የጎማ ልክና ነፋስ፣ የዘይት መጠንና መልክ፣ ክሮቼራና የጎማ ሽፋኖች፣ የሞዞ ኩሽኔታ፣ በመጨረሻም ዲፈረንሻልና ካምቢዮ። በእያንዳንዱ ደረጃ አንድ ነገር ብቻ ተቀይሮ መኪናው እንደገና ይሞከራል። ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ከተቀየረ ጥፋተኛው የትኛው እንደነበር አይታወቅም።

ለምሳሌ ቡና ጭኖ የሚነሳ ቫን «ጓ» ቢል፣ ባዶ ሲሆን ድምፁ ቢቀንስ፣ ቆሞ ፍሪሲዮን ሲረገጥም ሲለቀቅም ምንም ባይሰማ፣ ምልክቶቹ የሚያመለክቱት ከካምቢዮ ይልቅ ወደ ዘንጉ መጋጠሚያ ነው። ክሮቼራ መቀየር ካምቢዮ ከማውረድ ጋር ሲነጻጸር ቀላል ሥራ ነው።

ጥንቃቄ

ሁልጊዜ የተያያዘ ቫን ሁለት ጎማው ብቻ በክሪክ ተነስቶ ማርሽ ከገባ መሬት ላይ ያሉት ጎማዎች መኪናውን ከክሪኩ ሊያወርዱት ይችላሉ። ስለዚህ በክሪክ ብቻ በተነሳ መኪና ሥር አይገባም፤ ጠንካራ ድጋፍና ታኮ ያስፈልጋል። ሲጎተትም ሁለቱ ጎማዎች ተነስተው ሁለቱ መሬት ላይ ከተሽከረከሩ የመሃሉ ማያያዣ ሊቃጠል ይችላል። እንዲህ ያለ ቫን አራቱም ጎማ ከመሬት ተነስቶ በጭነት መኪና ላይ ቢጓጓዝ ይመረጣል፤ አለበለዚያ በአንድ ክሮቼራ ምክንያት የቆመ መኪና ጋራዥ ሲደርስ ሁለት ብልሽት ይዞ ይገኛል።