በጨፌ ዳር ስለሚሠሩ ቤቶችና ስለሚያስከትሉት ወጪ

ባኮ ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምት በሚወስደው መንገድ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፥ 1,650 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ስፍራ የተቆረቆረች ከተማ ናት። በዓመት የሚጥልባት ዝናብ ከ1,200 ሚሊ ሜትር ይበልጣል፤ አብዛኛውም በክረምት ወራት ስለሚወርድ የግቤ ወንዝና ገባሮቹ ሞልተው ዝቅተኛውን ሜዳ ረግረግ ያደርጉታል። በበጋ ግን ይኸው ሜዳ ደርቆ ለጥ ያለ መስክ ስለሚሆን ለቤት መሥሪያ የተዘጋጀ ባዶ መሬት ይመስላል። በጥር ወር መጥቶ የሚመለከት ሹም የሚሳሳተው በዚህ ነው።

የአገሩ ሰው እንዲህ ያለውን መስክ ጨፌ ይለዋል፤ የኦሮሞ ሸንጎ በዚሁ ስም መጠራቱ የመስኩን ክብር ያሳያል። ጨፌ የክረምቱን ውሃ እንደ ሰፍነግ ይዞ፥ ደለሉን አስቀርቶ፥ በበጋ ለምንጭና ለጉድጓድ ቀስ በቀስ ይለቃል። ኮረብታው በደረቀ ጊዜም የከብቱ ግጦሽ እርሱ ነው። ውሃ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል የሚተኛበት አንድ ሄክታር 3,000 ሜትር ኩብ ውሃ ይይዛል። ስለዚህ 10 ሄክታር ጨፌ ተደልድሎ ቤት የተሠራበት እንደ ሆነ፥ 30,000 ሜትር ኩብ ውሃ ወደ ጎረቤት ማሳና ደጃፍ ይገፋል ማለት ነው።

ወጪውም የዚያኑ ያህል የከበደ ነው። አንዱን ሄክታር አንድ ሜትር ከፍ ለማድረግ 10,000 ሜትር ኩብ ገረጋንቲ ያስፈልጋል። በሜዳው ያለው መረሬ አፈር በክረምት ያብጣል፥ በበጋም ይሰነጠቃል፤ እስከ ጠንካራው ድረስ ተቆፍሮ ካልወጣ ግድግዳውን ይሰነጥቀዋል። የመጸዳጃው ጉድጓድ በሐምሌ በውሃ ሲሞላ የመጠጡን ጉድጓድ ይበክላል፤ ወባም አለ። ይህ ሁሉ ቤቱ ሲሸጥ በዋጋው ውስጥ አይታይም፤ በኋላ በነዋሪው፥ ከዚያም በመንግሥት ግምጃ ቤት ላይ ይወድቃል።

በ2000 ዓ.ም. ካሩቱሪ የተባለው የህንድ ኩባንያ በባኮ ሜዳ 11,700 ሄክታር ለእርሻ በኪራይ ወስዶ ነበር። ደሳለኝ ራህማቶ በ2003 ዓ.ም. ባሳተሙት ጥናት ይህን ጉዳይ መርምረዋል፤ መሬቱ የአካባቢው ገበሬዎች ከብት የሚያሰማሩበት እንጂ ባዶ አልነበረም። የኩባንያው ሌላው ይዞታ በጋምቤላ ነበረ፤ በዚያም በ2004 ዓ.ም. መጀመሪያ የባሮ ጎርፍ በቆሎውን ስላጠፋው ኪሳራው 15 ሚሊዮን ዶላር ያህል መሆኑ ተነገረ። በቆሎ እንኳ እንዲህ ሲጠፋ፥ ቤት ሠርቶ በዚያ የሚያድር ሰው ያለበት አደጋ ምን ያህል እንደ ሆነ ለመገመት አያስቸግርም። በድሬዳዋ በ1998 ዓ.ም. የሐምሌ መጨረሻ ሌሊት የደቻቱ ጎርፍ በዳሩ የተሠሩትን ቤቶች ጠርጎ ከ200 በላይ ሰዎች ገድሏል።

ቀድሞ ባለርስቱ በገዛ መሬቱ ቢሳሳት ጉዳቱ በመጀመሪያ የራሱ ነበረ። ከ1967ቱ አዋጅ ወዲህ ግን መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ፥ የሚፈቅደው ሹም ጥፋት የብዙ ሰው ኪሳራ ይሆናል። የሊዙ ገቢ አንድ ጊዜ ገብቶ የመንገዱ፥ የቦዩና የካሣው ወጪ በየዓመቱ የሚቀጥል ከሆነ፥ ሒሳቡ ከመጀመሪያው የተጓደለ ነው።

እንግዲህ በጨፌ ዳር የቤት ቦታ እንዲሰጥ ማመልከቻ በቀረበ ጊዜ፥ የወረዳው አስተዳዳሪ መሬቱን በነሐሴ ራሱ ሄዶ ቢያይ ይበጃል። ከብት በማሰማራት ያረጁት ሽማግሌዎች ውሃው በክፉ ዓመት እስከ የት እንደ ደረሰ በጣታቸው ያሳያሉ፤ ቀያሹም በዚያው መስመር ችካል ይተክላል። ከመስመሩ በታች ያለው ለግጦሽና ለቄጠማ ይቀራል፤ ከበላይ ያለው ደግሞ አፈሩ ተቆፍሮ ከተመረመረ በኋላ፥ የድልድሉና የቦዩ ወጪ በማን ላይ እንደሚሆን በውሉ ተጽፎ፥ ዕጣው ከመውጣቱ በፊት ካርታው ለሕዝብ ይታያል።