የጎልፍ ክበቡ አጥርና የሳቁ ወገን

ሳቅም እንደ ማናቸውም የኪነ ጥበብ ውጤት ወገን አለው። ጭቁኑ በጌቶቹ ላይ ይስቃል፤ ጌቶችም በጭቁኑ ላይ ይስቃሉ። ከሁሉም የሚከፋው ግን ጭቁኑ በጌቶቹ ላይ የሳቀ እየመሰለው አንዱን ጌታ አጅቦ በሌላው ሲስቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 በሃሮልድ ራሚስ አዘጋጅነት አሜሪካ ውስጥ ለእይታ የበቃው «ካዲሻክ» የተሰኘ አስቂኝ ፊልም ከዚህ አንጻር ሊመረመር ይገባዋል።

«ካዲ» በጎልፍ ሜዳ የተጫዋቹን የዱላ ከረጢት ተሸክሞ የሚከተል ሠራተኛ ነው፤ የፊልሙ ርእስም የእነዚሁ ተሸካሚዎች ጎጆ ማለት ነው። ከደራሲዎቹ አንዱ የሆነው ብራያን ዶይል መሪ በወጣትነቱ በቺካጎ አካባቢ በሚገኝ የሀብታሞች ክበብ ይህንኑ ሥራ ሠርቷል። ስለሆነም የክበቡ ኑሮ ከሸክም ሥር ሆኖ የታየ ነው። ካዲዎቹ ወደ አባላቱ መዋኛ ገንዳ እንዲገቡ የሚፈቀድላቸው በተለየ ቀን፣ ያውም ከቀኑ ሰባት ሰዓት እስከ ሰባት ከሩብ ብቻ ነው። በዚያችው ሩብ ሰዓት ውስጥ ውኃው ላይ የተንሳፈፈ ቸኮሌት ሰገራ መስሎ ሁሉም ይሸሻል፤ ገንዳው ደርቆ ይታጠባል። ተመልካቹ በቸኮሌቱ ይስቃል፤ የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ግን ዓይኑን ከ15ቱ ደቂቃዎች ላይ ማንሣት አልቻለም።

ዳኒ ኑናን ልጆች ከሞሉበት ቤት የወጣ፣ ለኮሌጅ የሚከፍለው የሌለው ካዲ ነው። ለካዲዎች የተመደበው የትምህርት ዕርዳታ በክበቡ መሥራች በዳኛ ስሜይልስ እጅ ስለሆነ ደጅ ይጠናል። ዳኛውም ከእርሱ በዕድሜ የሚያንሱ ልጆችን በመርዝ ጋዝ እንዲገደሉ የፈረደው ለእነርሱው ግዴታ ያለበት መስሎ ስለተሰማው መሆኑን በአባታዊ ለዛ ያጫውተዋል። ችሮታና ሞት ከአንድ እጅ የሚታደሉበትን ሥርዓት በዚህ ያህል አጭር ንግግር ያጋለጠ ፊልም ብዙ አላየንም።

እስከዚህ ድረስ ፊልሙ የካዲዎቹ ነው። ቀጥሎ ግን ሮድኒ ዴንጀርፊልድ የሚጫወተው አል ዜርቪክ ብቅ ይላል፤ ጯሂ፣ ልብሱ ዓይን የሚወጋ፣ በቤት ግንባታ የከበረ ሰው ነው። በአባላቱ ወግ ይሳለቃል፤ ተመልካቹም ይወደዋል። ታዲያ ቅራኔው በማንና በማን መካከል ነው? በአሮጌ ገንዘብና በአዲስ ገንዘብ መካከል ነው እንጂ በተሸካሚውና በተሸካሚው ጌታ መካከል አይደለም። በቀረጻውም ወቅት ታዋቂዎቹ ኮሜዲያን በቦታው እየፈጠሩ በጨመሩት ጨዋታ የካዲዎቹ ታሪክ ወደ ጥግ ተገፍቷል። ከጎጆው ወጥቶ ሜዳውን የያዘው እንደገና ባለ ገንዘቡ ሆነ።

ይህ የፊልም ጉዳይ ብቻ አይደለም። የአሜሪካ ባለሙያ ጎልፈኞች ማኅበር አባልነትን ለነጮች ብቻ የሚያደርገውን አንቀጽ ከደንቡ የሰረዘው እ.ኤ.አ. በ1961 ነው። በኦገስታ ናሽናል ክበብ በሚካሄደው ታላቅ ውድድር እስከ 1982 ድረስ ዱላ የሚሸከሙት የክበቡ ጥቁር ካዲዎች ነበሩ፤ ክበቡ ጥቁር አባል የተቀበለው ግን በ1990፣ ሴቶችን ደግሞ በ2012 ነው። በዚያው በ1990 አላባማ ውስጥ የሾል ክሪክ ክበብ መሥራች ጥቁሮችን እንደማይቀበሉ በተናገረ ጊዜ፣ በሩን ያስከፈተው ከተቃውሞው ድምፅ ይበልጥ ኩባንያዎች የቴሌቪዥን ማስታወቂያቸውን ማንሣታቸው ነበር። ዜርቪክ በእውኑም ዓለም አለ ማለት ነው።

ወደ ፊልሙ እንመለስ። በመጨረሻው ጨዋታ ዜርቪክ ተጎዳሁ ብሎ ሲወጣ ዳኒ የዳኛውን ዕርዳታ ሊያጣ እንደሚችል እያወቀ ይተካዋል። በብዙ ሺህ ዶላር የተወራረዱት ሁለቱ ከበርቴዎች ናቸው፤ ዱላውን የያዘው ካዲው ነው። ኳሱ ጉድጓዱ አፍ ላይ ደርሶ ይቆማል። በዚህ መካከል የሣር ጠባቂው አንዲት ፍልፈል ለመግደል የቀበረው ፈንጂ ሜዳውን ይንጠዋል፤ ኳሱም ተንሸራቶ ይገባል። የካዲውን ድል የወሰነው የፈንጂ ንዝረት ነው። ዜርቪክ ሁሉንም ወደ ፈንጠዝያ ይጠራል፤ ፍልፈሏም ከጭሱ ውስጥ በደኅና ወጥታ ትጨፍራለች። ዳኒ ኮሌጅ ይግባ አይግባ ፊልሙ አይነግረንም።