የኮልፌ ቀራንዮ መራጭና እንደራሴው፤ ስለ አንድ ቅይጥ የከተማ ምርጫ ክልል

የምርጫ ክልል ማለት በሕግ ወሰን የተከለለና በውስጡ የሚኖሩት ሰዎች በአንድነት እንደራሴ የሚመርጡበት ሥፍራ ነው። በሥፍራው የሰፈረው ሕዝብ በቋንቋና በልማድ አንድ ዓይነት የሆነ እንደ ሆነ፣ የመራጩ አሳብና የእንደራሴው ማንነት በምን እንደሚገናኙ ለመረዳት አያስቸግርም። ልዩ ልዩ ብሔረሰቦች ግድግዳ ተጋርተው በሚኖሩበት ከተማ ግን ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። በአዲስ አበባ ምዕራብ ያለው ኮልፌ ቀራንዮ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ነዋሪው እጅግ የተደባለቀ ሆኖ ሳለ፣ የምርጫው ውጤት በአብዛኛው አንድ ወጥ ሆኖ ይገኛል። ይህ ተቃራኒ የሚመስል ነገር ከምን እንደሚመጣ ለማወቅ፣ የሰፈሩን አመሠራረትና በየዘመኑ የወጡትን የምርጫ ሕጎች ጐን ለጐን መመልከት ያስፈልጋል።

የሰፈሩ አመሠራረት

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. በተቈረቈረች ጊዜ የከተማዋ ልብ ከቤተ መንግሥቱ እስከ አራዳ ያለው ሥፍራ ነበር። በዛሬው ኮልፌ ቀራንዮ የነበረው የኦሮሞ ገበሬዎች እርሻና ግጦሽ ነው። ጣሊያኖች ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ከተማውን በያዙበት ዘመን የአገሬውን ሰው ገበያ ከአራዳ አንሥተው ወደ ምዕራብ፣ ዛሬ መርካቶ ወደሚባለው ሥፍራ አዛወሩት። ከዚያ ወዲህ ገበያውን ተከትሎ የመጣው ሰው መኖሪያ እየፈለገ ይበልጥ ወደ ምዕራብ ዘለቀ። በመርካቶ የሚነግደው ጉራጌና ስልጤ፣ ከሰሜን ሸዋና ከጎጃም ሥራ ፍለጋ የመጣው አማራ፣ ከምዕራብና ከደቡብ ምዕራብ በአምቦና በጅማ መንገዶች የገባው ኦሮሞ፣ ከደጋው አገሩ የወረደው ጋሞ በአንድ ሰፈር ተገናኙ። በዘነበወርቅ ደግሞ ከጣሊያን ወረራ በፊት የተቋቋመው የሥጋ ደዌ ሕሙማን ማከሚያ ከልዩ ልዩ ጠቅላይ ግዛቶች የመጡ ሰዎችን ስለ ሰበሰበ፣ ከበሽታው የዳኑትና ቤተሰቦቻቸው በዙሪያው ሰፍረው ሌላ ቅይጥ መንደር ሠሩ።

በዚህ አሰፋፈር ዘንድ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር፣ የአገር ልጅነት ሰውን ወደ ሰፈሩ ሲያመጣው፣ ቤቱን የሚያስይዘው ግን የኪራዩ ዋጋና የመሬቱ መገኘት መሆኑ ነው። ስለዚህ አንድ ብሔረሰብ የሚበዛበት መንደር ቢኖርም፣ አንድ ብሔረሰብ ብቻውን የያዘው ሰፊ ሰፈር አልተፈጠረም።

ንብረት ያለው እንደራሴ

በ1923 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት የሕግ መምሪያ ምክር ቤት ቢያቋቁምም፣ አባሎቹን የሚመርጡት መኳንንቱና የየአገሩ ሹማምንት ነበሩ። የሕዝብ ምርጫ የመጣው በ1948 ዓ.ም. በተሻሻለው ሕገ መንግሥት ነው። በዚህ ሕግ 21 ዓመት የሞላው ኢትዮጵያዊ ሁሉ፣ ሴትም ሆነ ወንድ፣ በሚኖርበት ሥፍራ የመምረጥ መብት አገኘ። የመጀመሪያው ምርጫ በ1950 ዓ.ም. መባቻ ተደረገ፤ በዚያም ምርጫ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ የመጀመሪያዋ ሴት እንደራሴ ሆነው ወደ ምክር ቤቱ ገቡ። ከዚያም በ1953፣ በ1957፣ በ1961ና በ1965 ዓ.ም. ምርጫው ተደጋገመ።

ሕጉ የአገሩን ግዛት 200,000 ያህል ሕዝብ በሚይዙ የምርጫ ወረዳዎች ከፍሎ ለእያንዳንዱ ሁለት እንደራሴ ሰጠ። ከ30,000 በላይ ሕዝብ ላለው ከተማም አንድ እንደራሴ፣ ከዚያም በላይ ላለው ለእያንዳንዱ 50,000 ሕዝብ አንድ ተጨማሪ እንደራሴ ፈቀደ። ይኸውም ከተሜው የራሱ ውክልና እንዲኖረው አደረገ። ነገር ግን እጩው 25 ዓመት የሞላውና በወረዳው የሚኖር ከመሆኑም በላይ ሕጉ የወሰነው ያህል ንብረት በዚያው በወረዳው ሊኖረው ይገባ ነበር። የፖለቲካ ማኅበርም አልነበረም። በዚህ ምክንያት በከተማው ዳር ተከራይቶ የሚኖረው ሰው መምረጥ እንጂ መመረጥ አይችልም ነበር። ሕጉ የማንንም ብሔረሰብ ስም አይጠራም፤ ሆኖም መሬትና ቤት በማን እጅ እንዳለ በመጠየቁ፣ በኋላ ወደ ከተማው የገባውን ሰው ከእጩነት አራቀው።

ቀበሌ

ምክር ቤቱ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ሲበተን ያ ሥርዓት አበቃ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ የንብረቱን ጥያቄ ገለበጠው። ነዋሪው በየቀበሌው ተደራጅቶ መሪዎቹን እንዲመርጥ ሲደረግ፣ ትርፍ ቤት የነበራቸው ሰዎች ለተወሰነ ጊዜ ከምርጫው ተገለሉ። ትናንት ቤት ስለሌለው መመረጥ ያልቻለው፣ ዛሬ ቤት ስላልነበረው ተመራጭ ሆነ።

ቀበሌ ከምርጫ ተቋምነቱ ይልቅ ለሰፈሩ ሰው አዲስ መታወቂያ በመሆኑ ትልቅ ለውጥ አመጣ። የአንዱ አባት አገር ጉራጌ፣ የሌላው መንዝ፣ የሦስተኛው ወለጋ ቢሆንም፣ ስኳርና ዘይት የሚታደለውም ሆነ ስብሰባ የሚጠራው በቀበሌው ቁጥር ነበር። የአገር አቀፉ ምርጫ ግን ጠባብ ነበር። ሰኔ 7 ቀን 1979 ዓ.ም. 835 መቀመጫ ላለው ብሔራዊ ሸንጎ በተደረገው ምርጫ፣ እጩዎቹ አንድ ፓርቲ በሚገዛበት ሥርዓት ተጠቁመው የቀረቡ ስለነበሩ፣ መራጩ ከሰዎች መካከል ቢመርጥም ከአሳቦች መካከል የሚመርጥበት መንገድ አልነበረውም።

ሃያ ሦስቱ ክልሎች

በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት የሥልጣን ምንጭ የኢትዮጵያ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ናቸው ብሎ ደነገገ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ግን በምርጫ ክልል፣ ማለትም በሥፍራ፣ እንዲመረጥ አደረገ፤ በየክልሉ ከተወዳዳሪዎቹ ሁሉ የበለጠ ድምፅ ያገኘ አንድ እጩ ያልፋል። ከ547ቱ መቀመጫዎች አዲስ አበባ የደረሳት 23 ነው። ሁለተኛው ምክር ቤት፣ የፌዴሬሽን ምክር ቤት፣ የብሔር ብሔረሰቦች ጉባኤ ስለሆነ ለአዲስ አበባ እንደ ከተማ መቀመጫ የለውም። ስለዚህ የኮልፌ ነዋሪ በአንደኛው ምክር ቤት የሰፈሩ ሰው ሆኖ ይወከላል፤ በሌላው ደግሞ ምናልባት ካየው ብዙ ዓመት ባለፈው በአባቱ አገር በኩል ይቈጠራል።

የምርጫ ክልሎቹ በቀድሞዎቹ የከተማው ወረዳዎች ላይ የተመሠረቱ ነበሩ። በ1995 ዓ.ም. ከተማው በክፍለ ከተሞች ሲከፋፈልና ኮልፌ ቀራንዮ ከእነርሱ አንዱ ሲሆን፣ የመቀመጫው ቁጥር 23 እንደ ሆነ ቀረ። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የክፍለ ከተማው ነዋሪ 428,895፣ የመላው ከተማ ደግሞ 2,739,551 ነበር። ይህ ለ23 ቢካፈል ለአንድ መቀመጫ 119,000 ያህል ሰው ይደርሳል፤ የኮልፌ ቀራንዮም ሕዝብ ሦስት ተኩል ለሚያህሉ መቀመጫዎች ይበቃል። በዚያው ቆጠራ ከከተማው ሕዝብ አማራ 47፣ ኦሮሞ ከ19 በላይ፣ ጉራጌ 16፣ ትግራዋይ 6፣ ስልጤ 3 ያህል በመቶ ነበር። ከእነዚህ አንዱም ብቻውን ከግማሽ አላለፈም።

የብሔረሰብ መጠሪያውም ቢሆን የማይለወጥ አይደለም። የስልጤ ሕዝብ በ1993 ዓ.ም. ባደረገው ሕዝበ ውሳኔ ከጉራጌ የተለየ ማንነቱን አስታወቀ። በዚህም የኮልፌ ነዋሪ ከቤቱ ሳይንቀሳቀስ መጠሪያው ተለወጠ፤ የምርጫ ክልሉ ግን ያው ነበር።

የመደባለቅ ሒሳብ

ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. በተደረገው ምርጫ ብሔረሰብን ሳይሆን ዜግነትን መሠረት አድርጎ የተነሣው ቅንጅት የአዲስ አበባን 23 መቀመጫዎች በሙሉ፣ ከከተማው ምክር ቤት 138 መቀመጫዎች ደግሞ 137ቱን አገኘ። ገዢው ኢሕአዴግ በከተማው ከአራቱ አባል ድርጅቶቹ የተውጣጡ እጩዎችን አሰልፎ ነበር፤ ይኸውም መደባለቁን በድርድር ለመወከል የተደረገ ሙከራ ነው። በአገሩ ውጤት ላይ በተነሣው ክርክር፣ በሰኔ 1997ና በጥቅምት 1998 ዓ.ም. በተፈጠረው ሁከት፣ መንግሥት ያቋቋመው አጣሪ ጉባኤ እንደ ገለጸው 193 ሲቪሎችና 6 ፖሊሶች ሞቱ። የቅንጅት መሪዎች ታሰሩ፤ ከተማውም እስከ 2000 ዓ.ም. በባለአደራ አስተዳደር ተመራ።

ከአምስት ዓመት በኋላ፣ ግንቦት 15 ቀን 2002 ዓ.ም.፣ ኢሕአዴግ ከ23ቱ 22ቱን ወሰደ፤ አንዱ ለመድረክ ደረሰ። ግንቦት 16 ቀን 2007 ዓ.ም. 23ቱም የኢሕአዴግ ሆኑ። ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ደግሞ ኢሕአዴግን የተካው ብልፅግና 22ቱን አገኘ፤ አንዱን በግሉ የቀረበ እጩ ወሰደ። በ1997 የሁለት ጣት ምልክት፣ በ2002ና በ2007 ንብ፣ በ2013 አምፖል፤ ምልክቱ ይለዋወጥ እንጂ ከተማው በአንድነት ወደ አንድ ወገን ማዘንበሉ አልተለወጠም።

ለእነዚህ ውጤቶች እያንዳንዳቸው የየጊዜው ምክንያት አላቸው፤ የተቃዋሚዎች መዳከም፣ የመንግሥት ክንድ መበርታት፣ የሕዝብ ስሜት መነሣት ሁሉ ድርሻ ነበራቸው። ሆኖም የውጤቱን አንድ ወጥነት የሚያስረዳው ሒሳቡ ነው። በአንድ ክልል 100 መራጮች ቢኖሩና ድምፃቸው 40፣ 35ና 25 ሆኖ ለሦስት እጩዎች ቢከፈል፣ 40 ያገኘው ያልፋል፤ የ60ዎቹ ድምፅ መቀመጫ አያገኝም። ከክልሎቹ አንዱ የነጋዴ፣ ሌላው የሸማኔ፣ ሦስተኛው የገበሬ ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ በአንዱ የተሸነፈ በሌላው ባሸነፈ ነበር። በአዲስ አበባ ግን ነዋሪው በየሰፈሩ ስለ ተደባለቀ፣ እያንዳንዱ ክልል የመላውን ከተማ መልክ ይዞ ይገኛል። በአንዱ ክልል የሚበልጥ በሁሉም ይበልጣል። እንግዲህ ሰፈሩ በተደባለቀ መጠን የምርጫው ውጤት አንድ መልክ ብቻ ይይዛል። በኮልፌ የታየው ተቃራኒ የሚመስል ነገር መፍቻው ይህ ነው።

ሌሎች አገሮች ይህን ችግር በልዩ ልዩ መንገድ ሞክረውታል። ሲንጋፖር እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ በአንዳንድ ክልሎች እጩዎች በቡድን እንዲቀርቡና ቢያንስ አንዱ ከአናሳው ወገን እንዲሆን በሕግ ወሰነች። ሊባኖስ መቀመጫዎቹን ለየሃይማኖቱ አስቀድማ መደበች። ደቡብ አፍሪካ ከ1994 ወዲህ መቀመጫን በድምፅ መጠን የሚያካፍል ተመጣጣኝ ውክልናን መረጠች። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ መንገዶች ሰውን በወገኑ ቈጥረው መዝገብ ላይ ያሰፍሩታል፤ ሦስተኛው አሳቡን ቈጥሮ ወገኑን ለራሱ ይተዋል። በኢትዮጵያም ጥያቄው ተነሥቶ ነበር። የ1987ቱ የምርጫ ሕግ እጩው የአካባቢውን ቋንቋ እንዲያውቅ ስለሚያዝ፣ በ1992 ዓ.ም. በቤኒሻንጉል ጉሙዝ በዚህ ምክንያት ከእጩነት የታገዱ ሰዎች አቤት አሉ። የፌዴሬሽን ምክር ቤትም በ1995 ዓ.ም. የሚጠየቀው የክልሉ የሥራ ቋንቋ ነው ሲል ወሰነ። በአዲስ አበባ የሥራ ቋንቋው አማርኛ፣ ነዋሪውም ከየትም ይምጣ በአማርኛ የሚገበያይ ስለሆነ፣ እንዲህ ያለ ክርክር አልተነሣም።

እድርና ምክር ቤት

በኮልፌ መደባለቁ የሚታይበት ጉባኤ የት እንደሆነ ለሚጠይቅ፣ መልሱ እድር ነው። የአገር ልጆች ማኅበር ሰውን በትውልዱ ይሰበስባል፤ የሰፈር እድር ግን አባሉን የሚቈጥረው በቤቱ ደጃፍ ነው። ሰው ሲሞት ድንኳኑን የሚተክለው፣ ንፍሮውን የሚያቀርበው፣ ሬሳውን ወደ ቤተ ክርስቲያንም ሆነ ወደ ኮልፌው የእስላም መቃብር የሚሸኘው ጎረቤት ነው። የእድሩ ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ይመረጣሉ፤ ይህም ምርጫ አንድ ወገን ሁሉን እንዳይጠቀልል ሹመቱን በማካፈል መስማማትን ይሻል። በቍጥር የሚያንሰው ወገን በዚያ ጉባኤ ዝም ቢባል መዋጮውን ይዞ ሊሄድ ይችላልና፣ ብዙኃኑ እንዲያስታውሰው ይገደዳል።

የምርጫ ክልሉ ይህ ልጓም የለውም። የተሸነፈው መራጭ ከክልሉ ወጥቶ ሌላ ክልል አያቋቁምም፤ አምስት ዓመት መጠበቅ አለበት። በ1997 ዓ.ም. የታየው ያ ሁሉ መቈጣትና ደም መፍሰስ የምርጫ ሕጉ ብቻ ያመጣው አይደለም፤ ነገር ግን ያሸነፈ ሁሉን የሚወስድበት፣ የተሸነፈ ባዶውን የሚቀርበት ሥርዓት ለሁለቱም ወገን ፍርሃት መጨመሩ አይካድም። በአራት ሥርዓት ሕግ አውጪው የኮልፌን ሰው በንብረቱ፣ በቀበሌው፣ በብሔረሰቡ ሲቈጥረው ቈይቷል። ሰፈሩ በለቅሶና በሠርግ የተማረውን የማካፈል ልማድ የሚመስል የመቀመጫ አከፋፈል ግን በእነዚህ ሕጎች ውስጥ አልተገኘም።